ሳይደርቅ በእርጥቡ፦ ካገለገለ የመፋቂያ ሙሙት መዳብን መልሶ ስለ ማግኘት



የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት ቦርድ አሠራር በባሕርዩ አባካኝ ነው። በመጀመሪያ የሰሌዳው ገጽ በሙሉ መዳብ ይለብሳል፤ ከዚያም ለመሥመሮቹ የማይፈለገው መዳብ በኬሚካል ተፍቆ ይወጣል። የተለመደው የመዳብ ንጣፍ 35 ማይክሮሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ ይህ በካሬ ሜትር 300 ግራም ገደማ ይመዝናል። ግማሹ ይፋቃል ብንል እንኳ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 150 ግራም መዳብ ወደ ፈሳሹ ይገባል ማለት ነው።

በአሞኒያ ላይ የተመሠረተ የመፋቂያ ሙሙት አገልግሎቱን ሲጨርስ በአንድ ሊትር 150 ግራም ያህል መዳብ ሊይዝ ይችላል። ዛሬ ከሚቆፈሩት የመዳብ ማዕድኖች ብዙዎቹ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ መዳብ እንዳላቸው ስናስታውስ፣ ይህ ሰማያዊ ፈሳሽ ምን ያህል ሀብት እንደ ተሸከመ እንረዳለን። ነገሩን ከሌላው ወገን እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ውስጥ ለሚገኝ መዳብ ያስቀመጠው የመመሪያ መጠን በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር ያገለገለ ሙሙት 75,000 ሊትር ንጹሕ ውኃን እስከዚያ ወሰን ሊያደርስ ይችላል። ሀብቱና መርዙ አንድ ነገር ናቸው።

መዳቡን ለመመለስ ከሁሉ የቀደመው መንገድ ብረት መጨመር ነው። ብረት ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሮኖቹን በቀላሉ ስለሚለቅ እርሱ ይሟሟል፤ መዳቡም ቀይ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። በንድፈ ሐሳብ አንድ ኪሎ ግራም መዳብ ለማውጣት 0.88 ኪሎ ግራም ብረት ይበቃል። ነገር ግን ሙሙቱ ፌሪክ ክሎራይድ ከሆነ፣ ያልተነካው ፌሪክና የተረፈው አሲድ ጭምር ብረቱን ስለሚበሉት በተግባር የሚያስፈልገው ከዚህ ይበልጣል። አሲዱ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ስለሚወጣም ሥራው አየር በሚገባበት ቦታ መከናወን አለበት። መዳቡ ከወጣ በኋላ የሚቀረው የብረት ክሎራይድ ነው፤ እርሱም ራሱን የቻለ ማጣሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሥራውን እስከ ፍጻሜው አያደርሰውም።

ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። በፋራዴይ ሕግ መሠረት አንድ ኪሎ ግራም መዳብ በካቶድ ላይ ለማስቀመጥ 843 አምፔር ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ2 ቮልት ብናሰላው 1.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሆኖም ክሎራይድ የበዛበትን አሲዳማ ሙሙት በቀጥታ ብንወስድ በአኖዱ ላይ መርዛማው የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ለአሞኒያው ሙሙት ይህን ችግር የሚያልፈው ዘዴ በሁለት ፈሳሾች መካከል የሚደረግ ዝውውር ነው። መዳብን መርጦ የሚይዝ ኦርጋኒክ ውሁድ በኬሮሲን ውስጥ ይሟሟና ካገለገለው ሙሙት ጋር ይናጣል። መዳቡ ወደ ኬሮሲኑ ይሻገራል፤ መዳቡ የቀነሰለት የአሞኒያ ሙሙትም ተስተካክሎ ወደ መፋቂያው ይመለሳል። ኬሮሲኑ በውኃ ከታጠበ በኋላ ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲናጥ መዳቡን ይለቃል። ከዚያ በኤሌክትሪክ መዳቡ ጠጣር ሰሌዳ ይሆናል፣ በአኖዱ ኦክስጅን ይወጣል፣ አሲዱም ታድሶ ለሚቀጥለው ዙር ይደርሳል። ከክቡ የሚወጣው ዋናው ነገር መዳብ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ «ምን ያህል ገንዘብ ያስገኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የትኛውን ዘዴ እንምረጥ ለሚለው ብቸኛ መለኪያ ሊሆን አይገባም። በዱቄቱ ዋጋ ብቻ ከመዘንን የመጀመሪያው ዘዴ ሊያሸንፍ ይችላል፤ የቀረውን ፈሳሽ ማን እንደሚያጣራው ከጠየቅን ግን ሚዛኑ ይለወጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ኃላፊነቱን በበካዩ ላይ የሚጥል ነው።

ለተማሪዎቼ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ተረፈ ፈሳሽ በአንድ በርሜል መሰብሰብ ከባዱ ስሕተት ነው። አሲዳማውና የአሞኒያው ሙሙት ሲቀላቀሉ ይግላሉ፤ ከዚህም በላይ አሞኒያው መዳቡን አጥብቆ ስለሚይዘው በኖራ ለማዝቀጥ የሚደረገው ጥረት ይሰናከላል። ሁለት ሊመለሱ የሚችሉ ሀብቶች በአንድ ቅጽበት አንድ የማይመለስ ቆሻሻ ይሆናሉ። መልሶ የማግኘት ሥራ የሚጀምረው በትልቁ ፋብሪካ ሳይሆን መለያው በተጻፈበት ጠርሙስ ነው።

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። መዳቡ በዝቃጭ ውስጥ ደርቆ ሳይቀበር፣ ወደ ወንዝም ገብቶ ሳይርቅ፣ በእጃችን ሳለ እንመልሰው።