የሚጥል በሽታና ፍርሃታችን



በሊሙ ገነት በአንድ ቤት ቡና ሊፈላ እሳት ተያይዟል እንበል። ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ድንገት ወድቃ ተንፈራገጠች። በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች «ይጋባብናል» ብለው ቢሸሹ፥ ልጅቱን የሚጎዳት በሽታው ብቻ ሳይሆን እሳቱና የሰዎቹ ፍርሃት ጭምር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ፍርሃት ነው።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። አንጎል ሥራውን የሚያከናውንበት ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ለጊዜው ሥርዐቱን ሲስት ሰውነት ይንዘፈዘፋል፤ ሰውየውም ራሱን ይስታል። በሽታው በትንፋሽም፥ በምራቅም፥ በመነካካትም አይተላለፍም።

ይህን ሕመም በአገራችን በጥናት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ሐኪም በሆስፒታል ተቀምጦ ቢጠብቅ በቤት የተደበቀውን በሽተኛ አያገኘውም። ስለዚህ እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎች በሚኖሩበት ገጠር ባደረጉት ጥናት 316 በሽተኞች አገኙ። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጽሑፋቸው እንደሚያስረዳው፥ ከእነዚህ መካከል የታወቀውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር፤ የሚበዙት ተስፋቸውን የጣሉት በፀበል፥ በሥራ ሥርና በክታብ ላይ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪሞች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የሙያው ተተኪዎች በአገር ውስጥ ይወጡ ጀመር።

ይሁን እንጂ በሽተኛው ሁሉ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለበትም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ የተደረገው ሥራ እንዳሳየው፥ የሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በገጠር ጤና ጣቢያ ሆነው ሕመምተኛውን ሊረዱ ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በየዕለቱ መወሰድ አለበት፤ ድንገት ቢቋረጥ ሕመሙ ይብሳል።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወገኖቼ፤ ባልደረባችሁ ቢወድቅ ከእሳትና ከስለት አርቁት፤ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት፤ መንዘፍዘፉ ጋብ ሲል በጎኑ አስተኙት። በአፉ ምንም አታግቡ፤ ክብሪትም አታሽትቱት። ከአምስት ደቂቃ በላይ ቢቆይበት ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ሲነቃም ወንበሩና የባልደረቦቹ ሰላምታ እንደ ቀድሞው ይጠብቁት። መድኃኒቱን ሐኪም ይሰጠዋል፤ ክብሩን የሚጠብቁለት ግን እናንተ ናችሁ።