ወንዝ የሚወጡት የጣና ዓሣዎች
(በጎንደር ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ «የዓሣ ማራቢያ እናቋቁም» ብላችሁናል። አሳቡ መልካም ነው። አስቀድመን ግን ስለ ዓሣዎቹ እንነጋገር።

አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት አንድ ዓይነት አይደለም። በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ዓይነቶች ተለይተው ታውቀዋል። ከእነዚህ ሰባቱ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው እንደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድ የኡርክ አብያተ ክርስቲያናት ድርጅት በረዳው ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። ከዚያ በፊት በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚጠመደው። ብዙ ቤተሰብ በልቶበታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ ከ1991 እስከ 2001 የተደረገው ጥናት የነጭ ዓሣ ግልገሎች በ90 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን አሳየ። ተመራማሪዎቹ በተለይ ያነሡት በመራቢያ ወራት በወንዝ አፍ የሚጣለውን መረብ ነው። ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትንም አለ፤ ይህስ ትልቁንም ትንሹንም አይምርም።

በዘዳግም 22 እናቲቱን ወፍ ከጫጩቶቿ ጋር መውሰድ ተከልክሏል። እኛ የልማት ሠራተኞች ግን በሪፖርታችን ስንት መረብ እንደታደለ እንጽፋለን እንጂ በየትኛው ወር፣ የት እንደሚጣል አንጠይቅም።

ወደ ማራቢያው እንመለስ። ከደረሰች እንስት እንቁላሉን በእጅ አልቦ፣ ከወንዱ ዘር ጋር ቀላቅሎ፣ በሚፈስ ውሃ ማስፈልፈል ይቻላል። ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ስላለ ያለ እነርሱ ምክር አንጀምርም። የመገጭ ጫጩት ከመገጭ ወላጆች ይሁን። ከውጭ የመጣ ዓሣ ወደ ሐይቁ ፈጽሞ አይጨመር፤ በፊሊፒንስ የላናው ሐይቅ ባዕድ ዓሣ ገብቶ፣ አሰጋገሩም ልክ አጥቶ፣ የዚያ ብቻ የነበሩ 15 ዓይነቶች መጥፋታቸው በ2020 ታውጇል። ደግሞስ የመገጭ ጠጠርና አሸዋ ለግንባታ ተዝቆ ካለቀ፣ ያሳደግነው ጫጩት የት ይወልዳል?

ስለዚህ የዘንድሮውን ገንዘብ በገንዳ ላይ ከማፍሰሳችን በፊት ከደንቢያ አስጋሪዎች ጋር እንቀመጥ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ከወንዝ አፍ መረቡን እንዲያነሣ የምንለምነው አባወራ በእነዚያ ወራት ልጆቹን የሚያበላው ይሻል። ከየማኅበሩ የምንጠብቀው መዋጮ ለዚህ ነው፤ እህሉ ሰኔ ሳይወጣ ቆላ ድባ መድረስ አለበት።