ጥሩምባ ሲነፋ ሰፈሩን ማን ይጠብቅ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ እንድናገር ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዬን ጡረታ እስክወጣ ድረስ የፈጀሁት በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስመዘግብና ፋይል ስቆጥር ነው። ስለዚህ ንግግሬ ቢንዛዛ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ። የምናገረው ግን ያየሁትንና የደረሰብኝን፣ ከዚያም በላይ እኔ ራሴ በሰው ላይ ያደረስኩትን ነው።

ጉዳዬ ሌብነት ነው፤ ይኸውም በለቅሶ ቀን የሚፈጸመው ሌብነት።

እንደምታውቁት በዘመሮ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ባለሱቁ ሱቁን ይዘጋል፤ እናት ምጣዷን ታወርዳለች። አስከሬን ይዘን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በሰፈሩ የሚቀረው ውሻና ዶሮ ነው። ይህ የምንኮራበት ባህላችን ነው። ነገር ግን ጥሩምባውን የሚሰማው ወዳጅ ብቻ አይደለም፤ ሌባም ይሰማል። ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ለፋፊያችን ራሱ ይነግረዋል። ሌባው ሌላ ምን ይፈልጋል?

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ አባላችንን ቀብረን ስንመለስ የእኔ ቤት ተከፍቶ አገኘሁት። ለፋሲካ የማደልባቸው ሁለት ሙክቶች የሉም። እናቴ የተወችልኝ ባናም የለም። ብርድ አገር ነን፤ ባና ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ሴት የጎረቤቴን ልጅ በዚያ ሰዓት በመንገዱ ላይ ሲሮጥ አይቼዋለሁ አለች። ልጁም ሥራ ፈት ነበር፤ ሲጋራም ያጨሳል። እኔ ተናድጄ ነበርና «እሱ ነው» አልኩ። ሌላ ነገር አልተናገርኩም። በዚህችው ቃል የሰፈሩ ጎረምሶች ልጁን ከቤቱ ጎትተው አወጡትና ደበደቡት። ግራ እጁ ተሰበረ። እናቱ ነጠላዋን አንጥፋ ስትለምን ቆሜ አየሁ። ተው አላልኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ዘመዳችን በሌላ ወረዳ ገበያ አንደኛውን ሙክቴን በጆሮው ምልክትና በግንባሩ ቦቃ አወቀው። ለፖሊስ አመለከተ፤ ሻጩ ተያዘና አመነ። ሰውዬው ከእኛ ጋር ነጠላውን አዘቅዝቆ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኝቶ ነው ተመልሶ የሰረቀው። ያ ልጅ ለምን ሮጠ ብትሉ፣ ድንኳን ተካዮቹ አግዳሚ ወንበር አምጣ ብለው ልከውት ነው። የላከው ሰው ከእኛው ጋር ቀብር ላይ ስለነበር የሚመሰክርለት አልተገኘም።

ሽማግሌ ይዤ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ልጁ ይቅር አለኝና በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። እናቱም ይቅር ለእግዚአብሔር ብላለች። ነገር ግን ከዕድሩ ወጣች። ያኔ ያለችው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ «የልጄን እጅ የሰበረ እጅ አፈር እንዲያለብሰኝ አልፈልግም» ነው ያለችው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እንደ ጸሐፊነቴ ወረቀት ላይ አስቀምጬ አሰብኩበት። ሁለት ጥፋት አገኘሁ።

የመጀመሪያው ጥፋት የደንባችን ነው። ደንባችን ከቀብር የቀረውን ሁሉ ይቀጣል። ስም ይጠራል፤ የሌለ ሰው ከታመመ በቀር ይከፍላል። እንግዲህ ሰፈሩን ለመጠበቅ የሚቀር ሰው ከሰነፉ እኩል ይቀጣል ማለት ነው። ስለዚህ ማን ይቀራል? ሰፈሩን ለሌባ ባዶ አድርጎ የሚሰጠው የራሳችን መዝገብ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት የአፋችን ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በጥርጣሬ ብቻ የተመነጠረም አለ። መጠርጠር ሌላ፣ መፍረድ ሌላ ነው።

አባቶቻችንም ይህን ሁለት ነገር አይተውታል። በእነሱ ዘመን ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፤ በሌላው አገር አፈርሳታ ይሉታል። የአካባቢው ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲናገር ይደረጋል። በግልጥ መናገር የፈራ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ሌባው ካልወጣ ደግሞ አገሬው አዋጥቶ የተሰረቀበትን ይክሳል። በዚህ ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ የአንዱ ኪሳራ የሁሉ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ወፏ ስንቱን ንጹሕ ሰው እንዳስያዘች እግዚአብሔር ይወቅ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ይህ በኋላ ተከልክሏል። እኔ ግን በ2011 ዓ.ም. ያለ መድኃኒት ያንኑ አደረግሁ።

በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሲቋቋም አብዮት ጥበቃ መጣ። ማታ ማታ በተራ ሮንድ እንወጣ እንደነበር የእኔ እኩዮች ታስታውሳላችሁ። ሌባ ቀንሶ ነበር፤ ግን በሐሜትና በቂም ስንቱ ታሰረ። እንግዲህ ተራውን እንውሰድ፣ ቂሙን እንተው ነው የምለው።

በተራ መጠበቅ ለእኛ ለመንዞች አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳን ሣር እዩ። ያ ሣር የቤት ክዳን ነው፤ ገመድ ነው። አቅኚ አባቶች ለዘመናት ለዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ እየከፈቱ፣ በየአጥቢያው ተራ እያስወጡ አስጠብቀውታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የጥንቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ። ሣር በተራ ከተጠበቀ ቤት እንዴት አይጠበቅም?

አንዳንዱ «ይህ የፖሊስ ሥራ ነው» ይላል። ልክ ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ በነበረው ጊዜ ፖሊስ በጠራነው ቁጥር ሊደርስልን እንዳልቻለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በደኅናውም ጊዜ ቢሆን አንድ ፖሊስ በየደጃችን ሊቆም አይችልም። እኛ እንጠብቅ፤ ምርመራውን ለፖሊስ፣ ፍርዱን ለዳኛ እንተው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ሰው ሊይዘው ይችላል ይላል። የያዘው ሰው ግን ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ማስረከብ አለበት። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ እስኪፈረድበትም እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም። መደብደብ የትም የለም። የደበደበ ራሱ ወንጀለኛ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ በርካሽ የሚገዛም እንዲሁ። በበዓል ሰሞን ርካሽ በግ ሲመጣላችሁ ይህን አስቡ።

እንግዲህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ጥሩምባ ሲነፋ በየመንደሩ አራት ሰው በተራ ይቅር። ሁለቱ ጎልማሶች፣ ሁለቱ ወጣቶች ይሁኑ። በመዝገቡ ላይ «በጥበቃ» ተብሎ ይጻፍላቸውና እንደ ቀባሪ ይቆጠሩ፤ አይቀጡ። የሟች የቅርብ ዘመድ ግን ተራው ቢደርስም ይለወጥ።

2ኛ. ለፋፊው የቀብሩን ሰዓት ሲናገር «ጥበቃ አለ» ብሎ ይጨምር። ሌባውም ይስማ።

3ኛ. ጠባቂ ዱላና ፊሽካ ይያዝ። ጠመንጃ አይያዝ። በዚህ ዘመን አንድ ጥይት ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ።

4ኛ. እያንዳንዱ ቤት የንብረቱን ምልክት ጽፎ ያስቀምጥ፤ የበጉን መልክና የጆሮውን ምልክት፣ የስልኩንም ቁጥር። ስልክ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብትጫኑ ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ይወጣል። እሱን ደብተር ላይ ጻፉት። እኔ ሙክቴን ያገኘሁት በምልክት ነው፤ በጥርጣሬ ያገኘሁት ግን የሰው እጅ ስብራት ብቻ ነው።

5ኛ. ስርቆት ሲደርስ ማንም የማንንም ስም በአደባባይ አይጥራ። ያየ ሰው ያየውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ለዕድሩ ዳኛ ይንገር፤ ዳኛው ከባለንብረቱ ጋር ወደ ፖሊስ ይሂድ። ይህን አልፎ ሰው ያስደበደበ ከቀብር ከቀረ ሰው የበለጠ ይቀጣ። ቅጣቱ ወደ ኋላ ሄዶ ከእኔ ቢጀምር አልቃወምም።

የመጨረሻው ልመና ነው። ያቺ እናት አርጅታለች። ልጇ በሩቅ ነው። ጥሩምባ ሲነፋ ከአጥሯ ሥር ብቻዋን ቆማ ስትሰማ አያታለሁ። ሰው ያለ ዕድር እንዴት ይሞታል? ዕድሩ ያለ መግቢያ ክፍያ፣ ያለ ውዝፍ ይመልሳት። ውዝፉን እኔ እከፍላለሁ። ስንጠይቃት ግን እኔ ብቻዬን ሳልሆን ያን ቀን እዚያ የነበርን ሁሉ እንሂድ፤ ማን ማን እንደነበርን ራሳችን እናውቃለን። እሺ ካላለችም መብቷ ነው፤ እኛ ግን ሄደን እንለምን።

 የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ እኛንም በሰላም ለከርሞ ያድርሰን።