ጥሩንባው ከመነፋቱ በፊት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ዕድሜአችንን በመዝገብ ቤት ጨርሰን ጡረታ የወጣን ነንና ስለ ሕክምና እናስተምር አንልም። ዳሩ ግን የዚህን እድር መዝገብ ስንይዝ ያየነው ነገር ዕረፍት ስለነሣን እፊታችሁ ቆመናል።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ አባላችን በካንሰር ታሞ ተኛ። ባለቤቱ በየወሩ እሑድ እየመጣች መዋጮዋን ትከፍላለች፤ እኛም ካርዷ ላይ ማኅተም መትተን «ቀጥሎ!» እንላለን። አራት ወር እንዲሁ አለፈ። ፊቷ እየከሳ መሄዱን አይተናል። ነገር ግን «ቤት ደኅና ነው ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። በአምስተኛው ወር ጥሩንባ ተነፋ። ወዲያው ድንኳን ተተከለ፣ ወንበሩ መጣ፣ ብረት ድስቱ ተጣደ። እድራችን በዚህ አይታማም። በሦስተኛው ቀን ግን ሴትዮዋ ወደ ጓዳ ጠራችንና እንዲህ አለችን፦

«ጋሼ፣ ዛሬ ግቢዬ በሰው ሞልቷል። ያኔ እሱን የምናገላብጠው እኔና የአሥር ዓመት ልጄ ብቻ ነበርን። ሌሊቱን ሲጮኽ ያነጋ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪን?» ብንላት፣ «እድር የሚጠራው ለሞት ነው ብዬ አፈርኩ» አለች።

ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም።

ከዚያ ወዲህ ነርሶችን እየጠየቅን የተረዳነውን እንንገራችሁ። ሐኪም «ይህ በሽታ አይድንም» ሲል ሕክምናው አበቃ ማለት አይደለም። ማዳን ባይቻል ሥቃዩን ማስታገስ ይቻላልና። ይህ የማስታገሻ እንክብካቤ ይባላል። በእንግሊዝ አገር ሲስሊ ሳውንደርስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ለዚሁ ሥራ አንድ ቤት ከፈቱ፤ ትምህርቱም ከዚያ ወደ ብዙ አገር ተዳረሰ። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ፣ ነርሶቹ በሽተኛው ቤት ድረስ እየሄዱ ሲረዱ ቆይተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ የካንሰር ሕመም በደረጃ ይታከማል። መጀመሪያ ቀላሉ ማስታገሻ፣ ካልበቃ ጠንከር ያለው፣ ካልሆነም ሞርፊን ይሰጣል። ሞርፊን ሲባል ብዙ ሰው «ሱስ ነው፣ ቶሎ ይገድላል» ብሎ ይፈራል። ሐኪም መጥኖ ያዘዘው ግን ገዳይ አይደለም። በአፍ የሚጠጣው ፈሳሽ በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ እስኪነሣ ሳይጠበቅ ይሰጣል። ሆድ ስለሚያደርቅ ለዚያም መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። እንግዲህ የዚያ ወንድማችን ጩኸት ሊታገሥ ይችል ነበር ማለት ነው። እኛን የሚቆጨን ይኸው ነው።

የቀረው ደግሞ ምንም ትምህርት የማይጠይቅ፣ የእኛው ሥራ ነው። መነሣት ያቃተውን ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ የደረቀ ከንፈሩን በውኃ ማራስ ነው። መብላት ሲያቅተው «ብላ፣ በሞቴ!» እያሉ አለማስጨነቅ ነው፤ ሰውነቱ እየደከመ ሲሄድ ምግብ አይፈልግምና። እንዳይሰማ እየተባለ ከራስጌው አለማንሾካሾክ ነው። ሊናዘዝ፣ ዕዳውን ሊናገር፣ ልጆቹን ሊመርቅ ይፈልግ ይሆናልና የሚለውን መስማት፣ እንደ ሃይማኖቱም ቄሱን ወይም ሼኩን መጥራት ነው። ደግሞም አስታማሚዋን «ሂጂ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ፣ እኛ አለን» ማለት ነው።

አንዳንድ አባቶች «የእድር ገንዘብ የሙት ገንዘብ ነው፣ አይነካም» ይላሉ። እውነት ነው፣ እኛም ሒሳቡን እናውቀዋለን። ቢሆንም ኤች አይ ቪ ሰዉን ሲጨርስ በነበረበት በ1990ዎቹ ዓ.ም. አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ሕሙማንን በየቤታቸው ማስታመም ጀምረው ነበር። እድር ከሞት በፊት ሊደርስ እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል። ደግሞስ እኛ ዛሬ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም፤ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ መዋጮ ተቀባዩ ማኅተም ከመምታቱ በፊት «ቤት ውስጥ የታመመ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ አባል ሲታመም ለድንኳን ተካይ ተራ እንደምናወጣ ሁሉ ለአስታማሚም ተራ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ሕመሙ የጠናበትን ሰው ቤተሰብ ስለ ማስታገሻው ሐኪም ዘንድ ሄዶ የሚጠይቅለት አንድ ሰው ይመረጥ።

የመጀመሪያውን እኛ ካለፈው ወር ጀምረነዋል። ሁለት ሰዎች «አዎ፣ አለ» ብለውናል። ስማቸውን በፈቃዳቸው በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ጽፈነዋል። እነዚህን ሁለት ቤቶች ጥሩንባው ከመነፋቱ በፊት እንድረስላቸው።