የተቃጠለው ሞተርና የእኛ ሒሳብ
(አዋሽ ላይ ለቴክኒክና ሙያ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ስለ ሒሳብ ትምህርት ተናገር ስባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ አንድ የተቃጠለ ሞተር ነው። ስለዚህ ከሱ ልጀምር፤ ፖሊሲው የትም አይሄድም፣ በኋላ እንደርስበታለን።

ነገሩ የሆነው ሰመራ አካባቢ ነው። ለሰውም ለከብትም ውሃ የሚስብ ባለ 15 ኪሎ ዋት ሞተር ነበር። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን የገጠመው የኔ ተማሪ ነው፤ እኔው ያስተማርኩት፣ እኔው ማርክ የሰጠሁት። ልጁ 15,000ን ለ220 አካፈለ፣ 68 አምፔር አገኘ፣ ሎጊያ ሄዶ ሱቅ ጠየቀ። 68 የሚባል ብሬከር ስለሌለ ቀረብ የሚለውን 63 ገዝቶ ገጠመ። ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃው ወጣ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ ፌዝ ተቋረጠ። ሞተሩ ግን አልቆመም፤ በቀሩት በሁለቱ እያቃሰተ ቀጠለ። ብሬከሩም ዝም ብሎ አየው። ሲደርሱ ጥቅልሉ ከሰል ሆኗል። ሞተር እስኪተካ ድረስ እናቶች ጄሪካን ተሸክመው ሦስት ሳምንት ተመላለሱ።

እንግዲህ ያ ልጅ የ3 ስኩዌር ሩት ስንት ነው ሲባል ሳይተነፍስ 1.732 ይላል። በፈተና ወረቀት ላይ ጽፎልኛል፣ ራይት ሰጥቼዋለሁ። ግን ቁጥሯ ከሞተር ጋር ምን እንደሚያገናኛት የነገረው ሰው የለም። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተሩ የሚሠራው በ380 ቮልት ነው። 380ን ለ220 አካፍሉት፤ 1.73 ይመጣል፤ ያችው ናት። 15,000ን ለ380 አካፍሉ፣ የደረሰውን ለ1.73፣ ቀጥሎ ለፓወር ፋክተሩ ለ0.85፣ ከዚያም ለሞተሩ ብቃት ለ0.9 አካፍሉት፤ ወደ 30 አምፔር ታገኛላችሁ። ኦቨርሎዱ መታሰር የነበረበት እዚያ ላይ ነው። አንድ ፌዝ ሲጠፋ ደግሞ በቀሩት መስመሮች የሚሄደው በግምት በ1.73 ይባዛል፤ 52 አምፔር ይሆናል። ታዲያ 63 የተጻፈበት ብሬከር 52ን ምን ብሎ ያቁመው? ያቺ ቁጥር ሁለት ጊዜ ልትረዳው መጥታ ነበር፤ ሁለቴም አላወቃትም። ያላስተዋወቅኋቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱን በልጁ ላይ የሚጭን ካለ መጀመሪያ እኔን ይጠይቀኝ።

አሁን ወደ ፖሊሲው። በ1986 ዓ.ም የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ሲወጣ፣ በኋላም በ1996 ዓ.ም የቴክኒክና ሙያ አዋጅ ሲታወጅ፣ ሙያ የአገር የጀርባ አጥንት ነው ተብሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ ምንም ጉድለት የለም። መሬት ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ10ኛ ክፍል ፈተና ያልተሳካለት ሁሉ "10 ሲደመር" እየተባለ ወደኛ ተላከ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3። ልብ በሉ፤ ተማሪው ገና ከበር ሲገባ የመደመር ምልክት ለጥፈውበታል፤ ሰፈሩ ግን "የወደቀ" ነው የሚለው። ሒሳቡንም ከላይ የተረፈውን ፍርፋሪ አድርገን ሰጠነው። ከዩኒቨርሲቲ መሰናዶ መጽሐፍ አሥር ምዕራፍ ቆርጠን፣ ምሳሌዎቹን ሳንነካ፣ "የሙያ ሒሳብ" አልነው።

እነዚህ ልጆች ደግሞ ከየት ነው የመጡት? ብዙዎቹ አፋርኛ እየተናገሩ አድገው፣ አማርኛውን ከከተማ ለምደው፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሒሳብ የተጋቱ ናቸው። በ1997 ዓ.ም ገደማ ፕላዝማ የሚሉት በየክፍሉ ሲሰቀል የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አስተማሪው ከስክሪን ውስጥ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ አይጠየቅ፣ አይመለስ፤ እኛ ጎኑ ቆመን መብራት እንዳይጠፋ እንጸልያለን። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል አገር ደነገጠ። እኔ አልደነገጥኩም። ቀሪው 96.7 በመቶ ቀድሞ እኛ ዎርክሾፕ ውስጥ ነበር።

ባለሥልጣኖቻችን ግን ቁጥር ይወዳሉ። ይህን ያህል ሺህ አሠለጠንን፣ ይህን ያህል ሺህ አስመረቅን፣ ይህን ያህሉ የብቃት ምዘና አለፈ። ቁጥር መውደዱስ ባልከፋ፤ እኔም በሱ ነው እንጀራ የምበላው። አንድ ቀን ግን ከተመራቂዎቹ ስንቱ የሞተር ሰሌዳ አንብቦ አምፔሩን ያወጣል ብሎ የጠየቀ አለቃ አላጋጠመኝም።

ሰሌዳ ካነሳሁ ይቺን ልጨምር። አብዛኛው ሞተር የተሰላው በዙሪያው ያለው አየር ከ40 ዲግሪ ላላለፈ ቦታ ነው። የኬብል ሰንጠረዡ ደግሞ ለ30 ዲግሪ ነው። ሰመራን የምታውቁ ትስቃላችሁ፤ 30 ዲግሪ እኮ እዚያ ብርድ ነው! በ45 ዲግሪ ተራው የፒቪሲ ኬብል የሚሸከመው በ0.79 መባዛት አለበት፤ 30 አምፔር የተባለው ወደ 24 ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ለማስተማር ሁለት ሳምንት ሙሉ ደከምኩ። ሰንጠረዡን ጻፍኩ፣ ደገምኩ፣ ማንም አልገባውም። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ ከኋላ የሚቀመጠውን፣ በፈተና ከ10 ሁለት የሚያገኘውን የአርብቶ አደር ልጅ ጠየቅሁት፤

"አባትህ ስንት ፍየል አለው?"

"ሀምሳ ነው ቲቸር።"

"በቀን ስንት ውሃ ይበቃቸዋል?"

"አራት አራት ሊትር ብትል፣ አንድ በርሜል።" ወረቀት አልነካም። ጥቂት ዝም አለና፣ "እሱ ግን በደህናው ጊዜ ነው። ሐሩሩ ሲገባ ባንዱ በርሜል ሀምሳውን አታጠጣም፤ ሠላሳ አምስት፣ አርባ ቢሆን ነው" አለኝ።

እኔ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ልጁ እኮ የነገረኝ 0.79ን ነው! ሙቀት ሲጨምር ያው በርሜል ለጥቂት ብቻ እንደሚበቃ፣ ያው ኬብልም ጥቂት ብቻ እንደሚሸከም። "በል ኬብሉን እንደ በርሜሉ አስበው" አልኩት፤ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ለጓደኞቹ በአፋርኛ አስረዳ። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ ላይ የተቸገረ አልነበረም።

እዚህ አዋሽ ደግሞ ማስተማሪያው ደጃችን ላይ ተዘርግቷል። ከተማዋ ራሷ ስሟ ቁጥር ነው፤ አዋሽ ሰባት፣ ወጣ ሲሉ አዋሽ አርባ። የፈረንሳዮቹ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ በዚህ አልፎ ነው፤ ስፋቱ 1 ሜትር። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ባቡር ሐዲድ ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ከእያንዳንዱ ሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይለጠጣል። በሌሊቱ ቅዝቃዜና በቀትሩ ፀሐይ መካከል ሐዲዱ ራሱ የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢያይ፣ 1 ኪሎ ሜትር ሐዲድ 48 ሳንቲ ሜትር መርዘም ይፈልጋል። ክንድ ያህል ነው። የት ይሂድ? በድሮው ሐዲድ መገጣጠሚያ ላይ ክፍተት ይተው ነበር፤ በአዲሱ እየበየዱ አጥብቀው ያስሩታል። ተማሪዎቼን ይዤ ወጥቼ ይህንን ባሳየሁ ቀን ስለ ሬሾና ስለ መቶኛ የጠየቁኝ ጥያቄ በዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ከጠየቁኝ ይበልጣል። ያን ባቡር ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንቀሳቀሱልን ቻይናውያን ናቸው። የኛ ልጆች በደጃቸው የሚያልፈውን ሐዲድ ሳይለኩ "በኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ" ሲመረቁ ማየት፣ ምን ልበላችሁ፣ ያሳፍራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሒሳብ መምህሩ በሳምንት ሁለት ቀን ቱታ ለብሶ ዎርክሾፕ ይግባ። የብየዳውና የኤሌክትሪኩ መምህር ፈተናውን ከሱ ጋር ያውጣ። 70 በመቶው ሥልጠና በድርጅት ውስጥ ነው ተብሎ የለም? እንግዲያው ድርጅቱ ተማሪውን ሻይ ከማስላክ ይልቅ ሰሌዳ ያስነብበው። ደግሞም ልጁ በገባው ቋንቋ ይጠየቅ፤ ሞተር እንግሊዝኛ አይሰማም።

ያ ሳጥኑን የገጠመው ተማሪዬ አሁን የራሱ ሱቅ አለው፤ ሞተር ይጠመጥማል። የተቃጠለውንም ሞተር ለምኜ አምጥቼዋለሁ። ሰመራ ስትመጡ ከዎርክሾፑ በር ስትገቡ በስተግራ ተቀምጧል። ሰሌዳው አሁንም ይነበባል።