ከለንደን ጎዳና ወደ ፍየል ጉረኖ

እንደ ፈረንጆቹ ግንቦት 2004 ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረትን ስትቀላቀል፣ ሥራ ፈላጊው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ለንደን ጎረፈ። ብዙው ቀናው። ያልቀናውም ነበር፤ ቋንቋ ያልያዘ፣ ደላላ የበላው፣ ደመወዙን የተከለከለ። በዚያን ጊዜ ተመዝግቦ 12 ወር ሳያቋርጥ ያልሠራ አዲስ መጤ አብዛኛውን የመንግሥት ድጎማ አያገኝም ነበር። እናም ሥራ ሲጠፋ ቤት ኪራዩም አብሮ ጠፋ።

ታዲያ ለምን አይመለስም? አውቶቡስ እንደሆነ አለ።

ኀፍረት ነዋ! ባዶ እጅን የእናትን ደጅ መርገጥ ምን ያህል እንደሚከብድ ስደት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል።

በ2007 ባርካ የተባለ የፖላንድ ድርጅት ጎዳና የወደቁትን ወደ አገራቸው ሊመልስ ለንደን ገባ። ሠራተኞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አሰማራ፤ አንዱ ባለሙያ፣ ሌላው ራሱ ጎዳና ያደረ፣ መጠጥ የተወ ሰው። ካርቶን ላይ የተኛው ሰው ጆሮ የሚሰጠው ለሁለተኛው ነው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ በገዛ ቋንቋው ያዋራዋላ።

ባርካን በ1989 የመሠረቱት ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ ቶማሽና ባርባራ ሳዶቭስኪ ናቸው። ልጆቻቸውን ይዘው፣ ከእስር ቤትና ከአእምሮ ሆስፒታል ከወጡ ሰዎች ጋር አንድ የተተወ የገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ኑሮ ጀመሩ። ኋላም ሁዶብቺትሴ በተባለ መንደር የፈራረሰ የመንግሥት እርሻ ጠግነው ፍየል ማርባት ያዙ።

እንዲህ ወዳለው ማኅበር የሚገባ ተመላሽ መጠጥ አይቀምስም፤ ሥራ ግን አይቀርለትም። ፍየሏ መታለብ አለባት፣ አጥሩ መጠገን አለበት። መታወቂያ ማውጣቱ፣ ዕዳ መክፈሉ፣ ከቤተሰብ መታረቁ ቀስ እያለ ይከተላል።