የማን ሪሞት ያዛችኋል?

አንድ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሮኩ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንዱን ስትጫኑ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። ልጆቹ የሚያዩት ይቋረጣል፣ ጭቅጭቅ ይነሳል። ቀላሉ ሪሞት የሚሠራው በኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ነዋ! ያ ብርሃን ስም ለይቶ አይጠራም። ፊቱ የተገኘ ሮኩ ሁሉ ይታዘዘዋል።

የሮኩ ስቲክ ግን ኢንፍራሬድ አይቀበልም። አስቀድሞ ከራሱ ሪሞት ጋር በዋይፋይ ይጣመራል፤ የሌላውን ሪሞት ብትጫኑበት ዝም ነው።

ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የእረኛቸውን ድምፅ ለይተው ስለሚያውቁ በጎች ያስተምራል። እኛስ? ጠዋት ተንበርክከን «ጌታ ሆይ» እንላለን። ሥራ ቦታ የተቆጣ ሰው ይጫነናል፣ እንቆጣለን። ሐሜት ይጫነናል፣ እናወራለን። ከዚያ ሪሞቱን እንወቅሳለን፤ ሪሞቱማ ሥራውን ነው የሠራው።

ስቲኩን ለማጣመር የሪሞቱን የባትሪ ክዳን ከፍታችሁ፣ ትንሿን ቁልፍ መብራቷ ብልጭ እስክትል ተጭናችሁ ትቆያላችሁ። ጥቂት ሰከንድ ናት። አንዳንዶቻችን በጌታ ፊት ያቺን ያህል እንኳ ዝም ብለን አንቆይም።

ዛሬ ማታ ሪሞቶቹን አስቀምጡና ምዕራፉን ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡ። በዚህ ሳምንት ማን ሲጫናችሁ እንደተንቀሳቀሳችሁም በጸሎት ለጌታ ንገሩት።